«ሃይኪንግ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» ላልከው ወንድሜ፣ አንድ በአንድ እንነጋገር

ሰሞኑን ሰው ሁሉ የሚቀባበለው አንድ ጽሑፍ አለ፣ እኔ ጋም ከየአቅጣጫው ነው የደረሰኝ። ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ እሁድ እሁድ ከመስቀል አደባባይ በባስ ተጭነን የምንሄድበት ሃይኪንግ (የተራራ የእግር ጉዞ) ከፈረንጅ የተቀዳ የፎቶ ቅንጦት ነው፣ የኛ ሰው በእግሩ የሚሄደው ሲቸግረው ነው፣ ቀናት የሚፈጅ ጉዞማ ማደሪያ ስለሌለን ጭራሽ አይታሰብም፣ ያማረው ስዊዘርላንድ ይሂድ፣ ዕቃው ውድ ነው፣ ጋይድና ስካውት (መንገድ መሪና መሣሪያ የያዘ አጃቢ) ዝርፊያ ነው፣ ከፍታ ደገኛ ስለሆንን አይነካንም፣ በዛ ላይ ሰላም የለም። ይኼ ሁሉ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ። ልጁ ይጽፋል፣ አልክድም፣ ተራራ ጫፍ ላይ ስፒከር ከፍተው ስለሚጨፍሩት ያለው ነገር ላይ አንድም የምቃወመው የለኝም። ከቀረው አብዛኛው ግን ወይ ግማሽ እውነት ነው ወይ ጭራሽ ተሳስቷል።

ከከባዱ ልጀምር። እንጦጦ ላይ ጭራሮና የባህር ዛፍ ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱትን እናቶች ያነሳና «እነሱ ለእንጀራ የሚወርዱትን እኛ ለላብ ከፍለን እንወጣዋለን» ይላል። እውነት ነው፣ ከሽሮ ሜዳ በላይ ያለውን አስፋልት በእግሩ የወጣ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ አንተ ገና ትንፋሽህን ስትሰበስብ እሳቸው ጎንበስ ብለው ያንን የሚያህል እንጨት ይዘው በጎንህ ያልፋሉ። ግን ከዚህ ተነስቶ «ስለዚህ ይቅርብን» ላይ እንዴት እንደደረሰ አልገባኝም። እኛ አራት ኪሎ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን ማኪያቶ ስናዝ ነው ሸክማቸው የሚቀለው? ይልቅ ምሳችንን ሱፐርማርኬት ገዝተን ከምንወጣ ሻዩንም የተቀቀለ ድንቹንም በቆሎውንም እዛው ከሚሸጡት ብንገዛ ይሻል ነበር፣ እሱን ብሎ ቢጽፍ አጨበጭብለት ነበር።

«የኛ ሰው ሲቸግረው ብቻ ነው የሚሄደው» የሚለው ደሞ ልክ አይደለም። ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ዝቋላ አቦን ለመሳለም ያንን ዳገት የሚወጣው ሰው ማን አስገድዶት ነው? 2,989 ሜትር ነው እኮ፣ ጫፉ ላይ ሐይቅ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ። ግሸን ለመስከረም 21፣ ቁልቢ ለታኅሣሥ 19፣ ላሊበላ ለገና፣ መኪና ሳይኖር ሳምንታት እየተጓዙ የደረሱ አያቶች የሌሉት ቤተሰብ ጥቂት ነው። እነዛ ሰዎች ድንኳን ተሸክመው አልነበረም የሚሄዱት። በሶና ቆሎ ቋጥረው፣ ሲመሽ አንድ ደጅ ቆመው «መሽቶብኛል አሳድሩኝ» ይላሉ፣ ከውስጥ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ግቡ» ይባላሉ፣ እግራቸው ይታጠባል፣ ጠዋት ይቀጥላሉ። ታዲያ በየቀኑ ማታ ላይ ቤት እየጠበቀህ ቀናት መጓዝ ማለት ሌላ ምንድነው? አውሮፓ ውስጥ አልፕስ ተራሮች ላይ ከማደሪያ ማደሪያ የሚጓዙበት ሥርዓት ይኼው ነው፣ ልዩነቱ እነሱ ደረሰኝ ይቆርጣሉ።

አሁን ዋናው ጋ መጣን፣ «ማደሪያ የለንም» የሚለው።

መጀመሪያ እዛ ያለውን በትክክል እንወቀው፣ ጸሐፊው «ተራራ ላይ የተሠራ ሆቴል» አድርጎ ነው የሳለው። የአልፕሱን ትልቅ ተራራ ሞንት ብላንክን የሚዞረው መንገድ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ፈረንሳይን ጣሊያንን ስዊዘርላንድን ይነካል፣ አብዛኛው ሰው በ10 ወይ 11 ቀን ይጨርሰዋል፣ እና ብዙዎቹ ማደሪያዎች ውስጥ የምትተኛው ከማታውቀው ሰው ጎን ለጎን በተደረደረ ፍራሽ ላይ ነው፣ አንሶላህን ራስህ ይዘህ ትሄዳለህ፣ ጫማህን በር ላይ ታወልቃለህ፣ እራት በአንድ ሰዓት ለሁሉም አንድ ዓይነት ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን ጸጥ። ሻወር ካለ ትከፍልበታለህ። ኖርዌይ ደሞ እ.ኤ.አ. በ1868 የተቋቋመ የተጓዦች ማኅበር አለ፣ 550 ገደማ ጎጆዎች አሉት፣ መንገዱ ድንጋይ ላይ በተቀባ ቀይ «ቲ» ነው የሚታወቀው፣ ብዙዎቹ ጎጆዎች ጠባቂ የላቸውም፣ ከፍተህ ትገባለህ፣ ከመደርደሪያው የታሸገ ምግብ ትበላለህ፣ የበላህን ጽፈህ ትከፍላለህ፣ ወጥተህ እንጨት ፈልጠህ ለሚቀጥለው ሰው ታስቀምጣለህ። ይኼ ሆቴል ነው? ከሆቴል ይልቅ እድር ቤት ነው የሚመስለኝ፣ ድስቱም ወንበሩም የጋራ፣ ያጎደለ ይተካል።

«የአውሮፓ ነገር ነው» ለሚለው ደሞ ኪሊማንጃሮ ሩቅ አይደለም። የማራንጉ መስመር ላይ ማንዳራ 2,720፣ ሆሮምቦ 3,720፣ ኪቦ 4,720 ሜትር ላይ ጎጆዎች አሉ፣ ታንዛኒያውያን ናቸው የሚያስተዳድሩት።

ወደኛ ስንመጣ ነው ጽሑፉ በጣም ያናደደኝ፣ ምክንያቱም «የለም» ያለው ነገር ተሠርቶ ያውቃል። ባሌ ተራሮች በኩል አዳባ ዶዶላ ላይ በጀርመኑ የልማት ድርጅት ጂቲዜድ የደን ፕሮጀክት ጊዜ በደኑና በተራራው መሃል የአንድ ቀን መንገድ እየተራራቁ ማደሪያዎች ተሠሩ፣ ዋሆሮ፣ አንጋፉ፣ አደሌ፣ ሞሎሊቾ፣ ዱሮ። አልጋ ነበራቸው፣ ማብሰያ ነበራቸው፣ ፈረሱን የሚያከራየውም መንገድ የሚመራውም የአካባቢው ሰው ነበር፣ ሐሳቡ ደኑ ቆሞ ገንዘብ የሚያመጣ ከሆነ ማንም አይቆርጠውም የሚል ነበር። ወሎ መቄት ላይ ደሞ ከ1990ዎቹ አጋማሽ (በኛ) ጀምሮ ገበሬዎቹ ራሳቸው በኮሚቴ የሚያስተዳድሯቸው ጎጆዎች ነበሩ፣ መቋት ማርያምን የመሰሉ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሻንጣህን አህያ ይጭነዋል፣ ማታ ሽሮህን በልተህ ትተኛለህ፣ ጠዋት ወደሚቀጥለው ትሄዳለህ፣ ገቢው ለመንደሩ። ይኼ እንግዲህ ከማደሪያ ማደሪያ መጓዝ ካልሆነ ምን እንደሆነ ጸሐፊው ይንገረኝ።

ታዲያ ለምን ሸገር ውስጥ የሚያውቀው ሰው ጠፋ? የኔ ክርክር እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ቤቶች በዶላርና በዩሮ ለሚከፍል እንግዳ ነው የተዘጋጁት፣ ብሮሹሩም ዋጋውም ቋንቋውም ለሱ ነበር፣ እኛን ማንም ደንበኛ ብሎ አላሰበንም። እኛም ራሳችንን አላሰብንም። ስለዚህ ኮሮና ሲመጣ፣ ከዛ ጦርነቱ ሲመጣ ፈረንጁ ቀረ፣ ቤቱም ባዶውን ቀረ። የተራራ ማደሪያ በሀገሬው ሰው ካልቆመ አይቆምም፣ የኖርዌዮቹን ጎጆ የሚሞላው በዋናነት ኖርዌያዊ ነው። እኛ ጋ በየሳምንቱ ባስ የሚሞላ ሕዝብ አለ፣ ታላቁ ሩጫ ላይ 10 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ በአስር ሺዎች የሚወጣ ከተማ ነው ይኼ፣ ግን ጉዞው ሁሉ የደርሶ መልስ ነው፣ ንጋት 12 ሰዓት ወጥተህ ማታ ቤትህ ነህ፣ የከፈልከውም ብር ትራንስፖርት፣ ቁርስ፣ ውሃ፣ ፎቶ፣ ቲሸርት ተብሎ አብዛኛው እዚሁ አዲስ አበባ ይቀራል። ተራራው ያለበት ሰፈር የሚደርሰው የፕላስቲክ ጠርሙሱ ነው። አንድ ሌሊት ማደር ቢጨመርበት እራት፣ ቁርስ፣ አልጋ፣ ፈረስ፣ ማገዶ፣ ይኼ ሁሉ እዛ ይከፈላል። ከቅንጦትነቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኼ ነው፣ ጸሐፊው ግን ነካ አድርጎት እንኳን አላለፈም።

ቀጥሎ «ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም፣ 20 ኪሎ ሜትር ለኛ የ4 ሰዓት መንገድ ነው» ይላል። ይኼ ሰው ያሳምማል፣ ስለዚህ ረጋ ብዬ ልመልስ።

አዲስ አበባ በአማካይ 2,350 ሜትር አካባቢ ናት፣ አዎ ከባህር ወለል ከሚመጣው ሰው እንሻላለን። ነገር ግን ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ በሚኖሩ ሰዎች ላይ የተሠራ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት አለ፣ የደማቸው ሄሞግሎቢንም (ኦክስጅን ተሸካሚው) ኦክስጅንም ከባህር ወለል ነዋሪ ጋር የሚቀራረብ ሆኖ ተገኘ፣ ይኼ የሚያስገርም ነገር ነው፣ ግን ጥናቱ እዛው ተወልደው እዛው የኖሩትን ነው የሚመለከተው። ፒያሳ ተወልዶ በሊፍት የሚወጣ ልጅ ያንን ጥናት ጠቅሶ የባሌው ቱሉ ዲምቱ ተራራ ላይ ሊመካበት አይችልም። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ እዛ የምትተነፍሰው አየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ባህር ወለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው፣ እዚህ ከተማ ላይ ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። የሚታወቀው ጥንቃቄ ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድርበትን ቦታ በአንድ ቀን ከ500 ሜትር በላይ አትጨምር ነው፣ ሦስት አራት ቀን ከሄድክ በኋላ አንድ ቀን ዕረፍት። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ምግብ መዝጋት ከጀመረህ ከዛ በላይ አትወጣም፣ ከባሰብህ ትወርዳለህ፣ ጀግንነት የለውም። ሰሜን ላይ የማደሪያ ካምፖቹ ከፍታ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅ 3,620 የሆነው ለዚህ ይመቻል፣ ቀስ እያልክ ነው የምትወጣው፣ በ4,430ው ቧሂት በኩል የምታልፈው ከዛ በኋላ ነው። በነገራችን ላይ ራስ ዳሽን 4,620 ሜትር የሚለው ከትምህርት ቤት ይዘነው የመጣነው ቁጥር ነው፣ አሁን በብዛት የሚሰጠው 4,550 አካባቢ ነው፣ ጸሐፊው የድሮውን ነው የጻፈው። ለመውጣት ግን ያው ነው።

የ4 ሰዓቱን ነገር ደሞ በስሌት እንየው። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው፣ እስካሁን ተራራ የሚወጣው ሁሉ የሚጠቀምበት ቀላል ሒሳብ አለ፦ ለ5 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት፣ በዛ ላይ ለየ600 ሜትር ዳገት ሌላ አንድ ሰዓት። 20 ኪሎ ሜትር ከ1,200 ሜትር ዳገት ጋር 6 ሰዓት ነው፣ ያውም ዕረፍት፣ ምሳ፣ ፎቶ፣ ጫማ ማሰር የለበትም፣ ያውም ሁሉም ሰው ጎበዝ ሆኖ። ኦርጋናይዘሮችም በዚህ ላይ ጥፋት አለባቸው፣ «ቀላል ነው 15 ኪሎ ሜትር ብቻ» ይሉሃል፣ ስንት ሜትር ዳገት እንዳለው አይነግሩህም፣ ከዛ 10 ሰዓት ያልቃል የተባለው ጉዞ በሞባይል መብራት ያልቃል። የሞንት ብላንኩን መንገድ ራሱ በዚህ ስሌት ብታየው፣ 170 ኪሎ ሜትር 34 ሰዓት፣ ዳገቱ ተደማምሮ 10,000 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሌላ 17 ሰዓት የማይሞላ፣ ለ10 ቀን ሲካፈል በቀን 5 ሰዓት ብቻ። ለአትሌት የተሠራ ነገር አይደለም ማለት ነው፣ ከመርካቶ ቦሌ በእግር የሚሄድ ሰው ተለማምዶ ይችለዋል።

ዕቃው «የግማሽ ዓመት ደሞዝ» ነው የተባለው ላይ ብዙ አልቆይም። ጸሐፊው የቆጠረው ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ፍራሽ፣ ምድጃ፣ ትልቅ ቦርሳ ነው። ማደሪያ ቤት ያለበት ጉዞ እኮ ይኼን ሁሉ ነው የሚያስቀርልህ! ከዛ የሚተርፈው ጫማ፣ ሁለት ጥንድ ጥሩ ካልሲ፣ የዝናብ ልብስ፣ ሹራብ፣ ባትሪ፣ ሁለት ሦስት ሊትር ውሃ። ጫማውን ሰልቫጅ ተራ ታገኘዋለህ፣ ዋናው አዲሱን ጫማ ለመጀመሪያ ጊዜ ተራራ ላይ አለማድረግ ነው፣ አንድ ወር ከተማ ውስጥ አድርገህው ዙር። ጂንስ አይሆንም። እዛው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ደሞ ራሱን ረስቶ «አባቶቻችን በጋቢ ነው የወጡት» ይላል፣ እንዴ፣ ታዲያ ውዱ ዕቃ የት ሄደ? ጋቢ ማታ ቤት ውስጥ የሚያህለው የለም፣ ግን ጥጥ ነው፣ ዝናብ ከጠጣ ከበደ ማለት ነው፣ አይደርቅም፣ እና በየ100 ሜትሩ 0.65 ዲግሪ ገደማ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ከአዲስ አበባ 4,400 ሜትር ድረስ ስትወጣ 13 ዲግሪ ቀንሷል። እርጥብ ጋቢ ለብሰህ እዛ መቆም አያምርህም።

«ጋይድና ስካውት ዝርፊያ ነው» በሚለው ግማሽ መንገድ አብሬው እሄዳለሁ። ዋጋው በር ላይ ተለጥፎ አታገኘውም፣ አንዱ ጋ አንድ ሌላው ጋ ሌላ ይባላል፣ ስካውቱ ክላሽ ይዞ ከኋላህ ይሄዳል ግን ስለ ቦታው አንድ ቃል አይነግርህም፣ ይኼ መስተካከል አለበት። ግን «በነጻነት መሄድ ያለበት የሠለጠነው ዓለም ነው» ማለት ከየት መጣ? ኪሊማንጃሮን ያለ ጋይድ አትወጣም። ኒውዚላንድ ሚልፎርድ የሚባለው መንገድ 53.5 ኪሎ ሜትር ነው፣ በዋናው የጉዞ ወቅት በራሳቸው የሚሄዱ በቀን 40 ሰው ብቻ ነው የሚገቡት፣ በአንድ አቅጣጫ፣ ሦስት ሌሊት በተመደበልህ ጎጆ፣ ደስ አለኝ ብለህ አንድ ሌሊት መጨመር የለም። ሰሜን ተራሮች ላይ ደሞ ሌላም ነገር አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም ቅርስ ሆነ፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ዝርዝር ገባ፣ የወጣው በ2017 ነው፣ ከዛ በፊት የግጭ መንደር ሰዎች ከፓርኩ ወጥተው ደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደርጓል። ዋሊያና ጭላዳ እንድናይ መሬቱን የለቀቀ ሰው በቅሎ ሲያከራየን «ዘረፈኝ» ማለት ይከብዳል።

ሰላም የለም ለሚለው መልስ የለኝም፣ ልክ ነው። አማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ ግጭት ላይ ነው፣ መቄትን እና ሰሜንን አሁን ተነሱ ሂዱ የሚል ጽሑፍ አልጽፍም። ዝቋላም ላይ የካቲት 2016 የገዳሙ አባቶች ተገድለዋል። ከመሄድ በፊት እዛው ያለ ሰው ጋ መደወል፣ መንገዱ ዛሬ እንዴት ነው ብሎ መጠየቅ፣ ካልሆነ መቅረት፣ በቃ። እንኳን ማደር፣ እንጦጦም ዱሮ ብቻህን የምትወጣበት ቦታ አልነበረም። ግን «ሀገሩ በሙሉ ተዘግቷል፣ እንጦጦ ፓርክ ይበቃናል» ማለትም ሌላ ነገር ነው። እንጦጦ ፓርክ ጥሩ ነው፣ ልጅ ይዘህ ትሄዳለህ። ከከተማው 50 ኪሎ ሜትር የማይሞላ ርቀት ላይ ግን መናገሻ ሱባ አለ፣ በዘርአ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ ዘር ተተከለ የሚባልለት የጥድ ደን፣ ወጨጫ ድረስ 3,385 ሜትር ያወጣሃል፣ ጉሬዛውም ድኩላውም እዛው ነው። ወንጪ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በአምቦም በወሊሶም ይገባል፣ ሐይቁን ከላይ እየዞርክ ወርደህ በጀልባ ደሴቷ ላይ ያለችው ቂርቆስ ትደርሳለህ፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። እዛ የተሠራው ሎጅ የኛ ኪስ አይደለም፣ ያንን ጸሐፊው ቢያነሳው አብሬው እጮህ ነበር። እኛ የምንፈልገው ከሎጁ በታች የሆነ ነገር ነው፣ ገበሬው ግቢ ውስጥ ንጹሕ ፍራሽ፣ ንጹሕ ሽንት ቤት፣ እራት፣ በአንድ ሌሊት ይኼን ያህል ተብሎ በግልጽ የተጻፈ ዋጋ።

ስለዚህ ሃይኪንግ ግሩፖች ይኼን የምታነቡ ካላችሁ፣ የሚቀጥለው ፕሮግራም ላይ ከርቀቱ ጎን ዳገቱን በሜትር ጻፉልን፣ ስፒከሩን ቤት አስቀምጡት፣ እና በሁለት ወር አንዴ እንኳን የሚታደርበት ጉዞ አውጡ፣ ከምንከፍለው ስንት ብር እዛው መንደር እንደሚቀር ፖስተሩ ላይ ይታይ። ጸሐፊውም ቢመጣ ደስ ይለኛል፣ ጋቢውን ይዞ።